የወረቀት ልጆችና ስለ እነርሱ የተጻፉ መጻሕፍት

ታሪክ ሲባል ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን የነገሥታት ዘመንና የጦር ሜዳ ውሎ ነው። የፈተናው ጥያቄ የሚወጣው ከዚያ ስለ ሆነ ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በባዕድ አገር እንዴት እንደ ኖረ፥ ልጆቹንም በምን ዓይነት ጭንቀት እንዳሳደገ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአዋጅና ከሰነድ ሌላ ለወጣቶች የተጻፉትን ልብ ወለዶች ቢመረምር ብዙ ነገር ያገኛል። እኔም ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የኢዮቤልዩ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተፈቀደልኝ ጊዜ፥ በአሜሪካ የሚኖሩ የቻይና ተወላጆች ልጆች ከልጅነት ወደ ጕልምስና ሲሸጋገሩ የሚያሳዩት መጻሕፍት ከየት እንደ መጡና ስለ ምን ያን ያህል ዘግይተው እንደ መጡ ለመጻፍ ወሰንሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

በ1848 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ደቡብ ቻይና በደረሰ ጊዜ በጓንግዶንግ አገር በድህነትና በጦርነት የተጨነቁ ገበሬዎች በብዙ ሺሕ እየሆኑ በመርከብ ተሳፈሩ፤ የሚሄዱበትንም አገር «የወርቅ ተራራ» ብለው ሰየሙት። ሰዎቹ ያሰቡት ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ያገኙት ግን ብዙ ሥራ ነው። ከ1865 እስከ 1869 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ሲሠራ፥ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ድንጋዩን በባሩድ እየፈለጡ፥ ክረምቱን በበረዶ ውስጥ እያሳለፉ መንገዱን ያወጡት አብዛኛዎቹ ቻይናውያን ነበሩ። ሐዲዱ ካለቀ በኋላ ግን ምስጋና አላገኙም። ሥራችንን በርካሽ ዋጋ ወሰዱብን የሚሉ ሰዎች ተነሡባቸው፤ በየከተማው ቤታቸው ተቃጠለ፤ በ1885 ዓ.ም. በዋዮሚንግ አገር ሮክ ስፕሪንግስ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ብቻ 28 ሰዎች ተገደሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቻይናውያን አሜሪካ ከገቡበት ጊዜ አንሥቶ ከእነርሱ ወገን የሆነ ደራሲ ስለ ልጆቻቸው ለወጣቶች የጻፈው ልብ ወለድ በሰፊው ታውቆ እስከ ተከበረበት ጊዜ ድረስ መቶ ሃያ አምስት ዓመት ያህል አልፏል። ሌሎች ስደተኞች በአንድ ትውልድ ወይም በሁለት ትውልድ ልጆቻቸው ደራስያን ሲሆኑላቸው እነዚህ ስለ ምን ዘገዩ? የመጻፍ ስጦታ ስለ ሌላቸው ነው እንዳንል፥ ቻይና የመጽሐፍ አገር መሆኗን ዓለም ሁሉ ያውቃል። እኔ እንደ ተረዳሁት ምክንያቱ ሕግ ነው። ሕጉ መጀመሪያ ልጆቹ እንዳይወለዱ፥ ከተወለዱም በኋላ እንዳይናገሩ አድርጎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1875 ዓ.ም. የወጣው የፔጅ ሕግ የሚባለው በቃሉ የሚከለክለው ለአመንዝራነት ሥራ የሚመጡትን ሴቶች ነበር፤ በአፈጻጸሙ ግን ሹሞቹ ማናቸይቱንም ቻይናዊት ሴት እየተጠራጠሩ ይመልሱ ስለ ነበር ጨዋ ሚስቶችም በሩ ተዘጋባቸው። ከዚያ በ1882 ዓ.ም. ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ጨርሶ እንዳይገቡ፥ ቀድሞ የገቡትም የአሜሪካ ዜግነት እንዳያገኙ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ነጋዴዎች፥ መምህራን፥ ተማሪዎችና መልእክተኞች ብቻ ተለይተው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ሕጉ ለዐሥር ዓመት ተብሎ ቢወጣም እየታደሰ እስከ 1943 ዓ.ም. ጸና። በ1890 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በአሜሪካ 107,488 ቻይናውያን ሲገኙ ከእነዚህ ውስጥ ሴቶቹ 3,868 ብቻ ነበሩ። ማለትም ለሃያ ሰባት ወንዶች አንዲት ሴት ማለት ነው። ይህን ማካፈል በሒሳብ ክፍል ቀላል ነው፤ በኑሮ ግን እንዴት እንደሚከብድ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰውዬው ቀን በልብስ እጥበት ቤት ሲሠራ ይውላል፥ ማታ ከመሰሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ተደራርቦ ያድራል፤ ሚስቱ በመንደሯ ናት፤ ልጁ ከተወለደለትም የሚያውቀው በደብዳቤ ነው። የወጣቶች መጽሐፍ ለመጻፍ መጀመሪያ ወጣቶች መኖር አለባቸው።

በአገሩ የተወለዱት ጥቂት ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ለመግባት ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባቸው። በዚህ ረገድ ሜሚ ቴፕ የምትባለው የስምንት ዓመት ልጅ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የተለየ ትርጕም ያለው ይመስለኛል። ሜሚ የተወለደችው በሳን ፍራንሲስኮ ነው። እናቷ ሜሪ በልጅነቷ ከቻይና መጥታ በበጎ አድራጊ ክርስቲያን ሴቶች ቤት ያደገች፥ እንግሊዝኛን አሳምራ የምትናገር ሴት ነበረች። በ1884 ዓ.ም. ሜሚን በሰፈራቸው ወደሚገኘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ብትወስዳት ርእሰ መምህርቷ ቻይናዊት ናት በማለት አልቀበልም አሉ። ወላጆቿ ከሰሱ፤ በ1885 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ልጅቷ ትገባለች ብሎ ፈረደ። ነገር ግን ፍርዱ ሳይፈጸም የትምህርት ሹማምንቱ ቻይናውያን ልጆች ለብቻቸው የሚማሩበት ቤት እንዲከፈት የሚፈቅድ ሕግ ቶሎ አስወጡ። ሜሚ ዳግመኛ ስትሄድ የክትባት ወረቀት አላመጣሽም፥ ክፍሉም ሞልቷል ተብላ ተመለሰች። እናቷ በንዴት ለጋዜጣ ጽፋ ያወጣችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ፤ የሰዋስው ስሕተት ቢኖርበትም እንደ እርሱ ያለ ደፋር ጽሑፍ በዚያ ዘመን ጥቂት ነው። በመጨረሻ ሜሚና ወንድሟ አዲስ በተከፈተው የቻይናውያን ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሆነው ተመዘገቡ። በፍርድ ቤት ያሸነፈች ልጅ በር ላይ ተሸነፈች ማለት ነው።

አሁን ወደ «ወረቀት ልጆች» እንመለስ። ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ከመንቀጥቀጡም የባሰ እሳት ተነሥቶ ከተማይቱን በላት። ከተቃጠለው ሁሉ መካከል የማዘጋጃ ቤቱ የልደት መዝገብ ይገኝበታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ቻይናውያን «እኔ የተወለድሁት እዚሁ ነው፤ መዝገቤ ተቃጠለ» ማለት ቻሉ። በአሜሪካ የተወለደ ሰው ዜጋ መሆኑን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1898 ዓ.ም. በወንግ ኪም አርክ ጉዳይ ወስኖ ስለ ነበር፥ ዜጋ የሆነ ሰው በቻይና የወለዳቸውን ልጆች ማስመጣት ይችላል። ሰውዬው ወደ መንደሩ ሄዶ ሲመለስ ወንድ ልጅ ወለድሁ ብሎ ያስመዘግባል፤ ያልተወለደውም ልጅ በወረቀት ላይ ይወለዳል። ከዚያ ያ ስም ለወንድም ልጅ ይሰጣል፥ ወይም ለጎረቤት ይሸጣል። የተሸጠለት ልጅ የራሱን ስም መንደሩ ትቶ በሌላ ሰው ስም ይሳፈራል። የወረቀት ልጅ የሚባለው እርሱ ነው።

መንግሥትም ይህን ያውቅ ነበርና በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ውስጥ ባለችው በኤንጀል ደሴት ከ1910 እስከ 1940 ዓ.ም. ድረስ መጤዎችን የሚመረምር ጣቢያ አቆመ። የደሴቲቱ ስም የመልአክ ደሴት ማለት ነው፤ ሥራዋ ግን ስሟን አይመስልም። ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆች ከሹማምንት ፊት ተቀምጠው በአስተርጓሚ ይጠየቃሉ። የቤታችሁ ደጅ ወደየት ይመለከታል? ደረጃው ስንት ነው? የሩዙ ዕቃ በየትኛው ማዕዘን ይቀመጣል? በመንደሩ በሁለተኛው ረድፍ ሦስተኛው ቤት የማን ነው? መልሱ ቀደም ብሎ ከተመረመረው ዘመድ መልስ ጋር ካልተስማማ ልጁ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ልጆቹ መልሱ የተጻፈበትን ደብተር በመርከብ ላይ ሲያጠኑ ይከርሙና ወደቡ ሲታይ ወደ ባሕር ይጥሉት ነበር። እኛ በፈተና ዋዜማ የምናጠናው እንዳይረሳን ነው፤ እነርሱ የራሳቸው ያልሆነውን ቤት ያጠኑ ነበር። እውነተኛ የሆነው ልጅ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበረበት፤ ደረጃዎቹን ቆጥሮ የማያውቅ ከሆነ እውነተኛነቱ አያድነውም። አንዳንዶች ውጤቱን ሲጠብቁ ለወራት በደሴቲቱ ታስረው ቆይተዋል፤ በእንጨቱ ግድግዳ ላይም በቻይና ፊደል ግጥም እየቀረጹ ትተዋል። ይህ ጽሑፍ ተረስቶ ከኖረ በኋላ በ1970 ዓ.ም. አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሕንጻው ሊፈርስ ሲል አስተዋለውና ተረፈ።

ይህን ያህል በዚህ ነገር ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐሰት ስም የገባ ሰው ልጅ ሲወልድ ልጁም የሐሰቱን ስም ይወርሳል። በቤት ውስጥ እውነተኛው የዘር ስም በሹክሹክታ ይነገራል፤ በትምህርት ቤት የሚጠራው ግን ሌላ ነው። ለልጁ ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ትምህርት ለባዕድ ሰው ምንም አትናገር የሚል ነው። በ1943 ዓ.ም. ቻይና በጦርነቱ የአሜሪካ ተባባሪ ስለ ነበረች የክልከላው ሕግ ቢሻርም፥ በዓመት እንዲገቡ የተፈቀደላቸው 105 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ፍርሃቱም አብሮ አልተሻረም። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የሐሰት ስም የያዙ ሰዎች እንዲናዘዙ ባዘዘ ጊዜ አንዱ ሲናዘዝ የዘመዶቹም ስም አብሮ ይወጣ ነበርና ብዙ ቤተሰብ ተጨነቀ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የቤቱን ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ ያወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ዝምታውን ቀድመው ከሰበሩት መካከል ጄድ ስኖው ወንግ የተባለችው የሳን ፍራንሲስኮ ልጅ ናት። በ1950 ዓ.ም. ያሳተመችው መጽሐፍ ልብ ወለድ ሳይሆን የራሷ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ነገር ግን በአገሯ ልማድ መሠረት ለሴት ልጅ «እኔ» ማለት አይገባም ብላ ስለ ራሷ «እርስዋ» እያለች ጻፈችው። አባቷ ለወንድሟ እንጂ ለእርስዋ የኮሌጅ ገንዘብ አልሰጥም ስላለ በሰው ቤት እየሠራች ተማረች፤ ኋላም በቻይናውያን ሰፈር በአንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ሸክላ ስትሠራ የከተማው ሰው ቆሞ ያያት ነበር። በ1953 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ንግግር እንድታደርግ ወደ እስያ አገሮች ላካት። ከእርስዋ በኋላ የመጡት ወጣቶች መጽሐፏ ነጮችን ደስ ለማሰኘት የተጻፈ ነው ብለው ነቅፈዋታል። እኔ ግን ነቀፋው የበዛ ይመስለኛል። አባቷን እያከበረች አባቷን መቃወም በ1950 ዓ.ም. ለነበረች ልጅ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ መጤዎችን በዘርና በአገር እየለየች የምታስገባበትን አሮጌ ሥርዓት ሻረች። ይህ ሕግ ለእስያ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካም ሰዎች በሩን የከፈተ ስለ ሆነ እኛንም ይነካናል፤ በ1990 ዓ.ም. ከወጣውና ዛሬ ሁላችንም «ዲቪ» ከምንለው ዕጣ በፊት መንገዱን የጠረገው እርሱ ነው። በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ጥቍሮች፥ እስያውያንና ሌሎችም ተማሪዎች የእኛ ታሪክ በትምህርቱ ውስጥ የለም ብለው ለአምስት ወር ያህል ትምህርት አቋረጡ። በዚህም ምክንያት ስለ እነዚህ ሕዝቦች ታሪክ የሚያስተምር ክፍል ተከፈተ። የትምህርት ማቆምን እዚህ ላወድስ አይደለም፤ መጽሐፍ ያጣ ተማሪ እስከ ምን እንደሚደርስ ለማሳየት ያህል ነው።

ሎረንስ የፕ የተነሣው በዚያው ዘመን ነው። የተወለደው በ1948 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ሲሆን ወላጆቹ ብዙ ጥቍር አሜሪካውያን በሚኖሩበት ሰፈር የሸቀጣሸቀጥ መደብር ነበራቸው። በሰፈሩ የሚያዩት ልጆች ቻይናዊ ይሉታል፤ በአውቶቡስ ወደ ቻይናውያን ሰፈር ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ሌሎቹ በቻይንኛ ሲቀልዱ እርሱ ቋንቋውን ስለማያውቅ ዳር ይቀራል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በኢየሱሳውያን ዘንድ ሲማር የእንግሊዝኛው መምህር ጽሑፉን አንድ አገር አቀፍ መጽሔት ካልተቀበለለት በቀር ከፍተኛውን ማርክ እንደማይሰጠው ነገረው። መምህሩ ኋላ ቃሉን ቢያነሣም ልጁ መላኩን አልተወም፤ በ18 ዓመቱም የመጀመሪያውን አጭር ልብ ወለድ ለመጽሔት ሸጠ። (ይህን የማርክ አሰጣጥ ዘዴ የእኛ መምህራን እንዳይሰሙት እመኛለሁ።)

በ1975 ዓ.ም. ያወጣው «ድራገንዊንግስ» የተባለው መጽሐፍ፥ ማለት የዘንዶ ክንፎች፥ ከአንድ እውነተኛ ነገር የተነሣ ነው። ፈንግ ሩ የተባለ ቻይናዊ ወጣት መስከረም 21 ቀን 1909 ዓ.ም. በኦክላንድ አጠገብ በሚገኙ ኮረብታዎች ላይ ራሱ በሠራው አውሮፕላን በረረ። ራይት ወንድማማቾች ከበረሩ ገና ስድስት ዓመት አልሞላም ነበር። ፈንግ ሩ በ1912 ዓ.ም. በቻይና በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ደራሲው ስለ በረራው ያገኘው ከጥቂት አጫጭር የጋዜጣ ዜናዎች የበለጠ አልነበረም። ያ ሰው ስለ ምን ለመብረር እንደ ፈለገ፥ ማን እንደ ረዳው፥ ምን እንደ በላ የሚናገር ወረቀት የለም። ስለዚህ ደራሲው የቻይናውያንን ታሪክ ለዓመታት ሲመረምር ቆይቶ የጎደለውን በልብ ወለድ ሞላው።

በመጽሐፉ ውስጥ ሙን ሻዶው የተባለ የስምንት ዓመት ልጅ በ1903 ዓ.ም. እናቱን በመንደር ትቶ አይቶት ወደማያውቀው አባቱ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይመጣል። አባቱ በልብስ እጥበት ቤት ይሠራል፤ ልቡ ግን በሰማይ ነው። ልጁ አገሩን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በእጥበት ቤቱ አብረው በሚኖሩት ወንዶችና ኋላ ቤት በምታከራያቸው አንዲት ነጭ አሮጊት። ነጮችን ሁሉ አጋንንት እያሉ መጥራት የለመዱት ቻይናውያን አሮጊቲቱን ሲያውቋት የሚሉት ይጠፋቸዋል። በልጁና በአሮጊቲቱ መካከል ስለ ዘንዶ የሚደረገው ጭውውት እኔን እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ለእኛ ዘንዶ ሲባል ወዲያው የሚታየን ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦሩ የወጋው አውሬ ነው፤ ለቻይናውያን ግን ዘንዶ ዝናም የሚያዘንብ ባለ ግርማ ፍጥረት ነው። ልጁ ይህን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያስረዳታል። በኋላም ለአባቱ ሲል ለራይት ወንድማማቾች ደብዳቤ ይጽፋል። የመሬት መንቀጥቀጡ በመጽሐፉ ውስጥ ይደርሳል፤ ከዚያም በኋላ ከተማው ቻይናውያንን ከሰፈራቸው ወደ ዳር ለማውጣት ማሰቡ፥ እነርሱም እንቢ ማለታቸው በታሪክ እንደ ተደረገው ተጽፏል።

መጽሐፉ በ1976 ዓ.ም. ለወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ከሚሰጡት ትልልቅ ክብሮች አንዱን፥ የኒውቤሪን የክብር ስም አገኘ። በ1992 ዓ.ም. ግን በፔንሲልቬንያ አንዲት ወላጅ አጋንንት የሚለው ቃል ስለ በዛበት ከትምህርት ቤት ይውጣልን ብላ ጠይቃ ነበር፤ ዳኛው አልተቀበላትም። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ ቃሉን መፍራቷ ይገባኛል። ነገር ግን ቃሉን ያመጣው የተሰደደ ሰው ፍርሃት መሆኑን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ይረዳዋል፤ የልጁ አያት በነጮች ሕዝብ ተሰቅሎ የሞተ ነውና።

ሎረንስ የፕ በ1977 ዓ.ም. ያወጣው «ቻይልድ ኦቭ ዘ አውል» በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ብዙ ሰው ግን የሚያመሰግነው አውሮፕላን ያለበትን ነው። ኬሲ የተባለች ልጅ አባቷ ቁማርተኛ ነው። እርሱ ሆስፒታል ሲተኛ በ1960ዎቹ ዓመታት በቻይናውያን ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ወደምትኖረው አያቷ ትላካለች። መልኳ ቻይናዊት ነው፤ ቋንቋውን ግን አታውቅም፤ የእናቷን እውነተኛ የቻይና ስም እንኳ አታውቅም ነበር። እዚህ ላይ የአሮጌው ዝምታ ፍሬ ይታያል። ኬሲ የወረቀት ልጅ አይደለችም፤ ነገር ግን ስለ ወገኖቿ የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ታሪኳ ሁሉ ከወረቀት የቀለለ ነበር። አያቷ ተረት በመንገር ትጀምርላታለች። የአባቷም ጥፋት አይሸፋፈንም፤ የገዛ ወገንን ነውር መጻፍ ለደራሲው ከነጮች በደል ይልቅ ሳይከብደው አይቀርም።

በ1984 ዓ.ም. ቤቲ ባኦ ሎርድ በ1947 ዓ.ም. ብሩክሊን ስለ ደረሰች ልጅ የጻፈችው መጽሐፍ ደስታ የሞላበት ነው። ልጅቷ አሜሪካን የምትወደው የመጀመሪያው ጥቍር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ወደ ትልቁ የቤዝቦል ጨዋታ ሲገባ አይታ ነው። ለትንንሾቹ ተማሪዎች ይስማማል።

ለእኛ እድሜ ግን የሚከብደው የጂን ልወን ያንግ መጽሐፍ ነው። ያንግ በኦክላንድ በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መምህር ሳለ በሥዕል የሚተርከውን ታሪክ ምዕራፍ በምዕራፍ ራሱ እያባዛ ለጥቂት ሰዎች ይሸጥ ነበር። በ2006 ዓ.ም. «አሜሪካን ቦርን ቻይኒዝ» ተብሎ ታትሞ በማግሥቱ ዓመት ለወጣቶች መጽሐፍ የሚሰጠውን የፕሪንትዝ ሽልማት ተቀበለ፤ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ይህን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ጂን ወንግ የተባለው ልጅ በክፍሉ ውስጥ ከነጮች ልጆች መካከል ብቻውን ነው፤ ጠጕሩን እንደ እነርሱ ያደርጋል፥ ጓደኛውን ይክዳል። ገና ልጅ ሳለ አንዲት አሮጊት ነፍሱን ለመተው ከፈቀደ የወደደውን መሆን እንደሚችል ነግራው ነበር፤ አንድ ቀን ጧት ሲነሣ በእርግጥ ነጭ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ ጋር በቻይና በ16ኛው መቶ ዓመት ከተጻፈው ታላቅ ልብ ወለድ የተወሰደው የዝንጀሮው ንጉሥ ታሪክ አብሮ ይሄዳል። ደራሲው ካቶሊክ ስለ ሆነ የዝንጀሮው ንጉሥና መነኵሴው የሄዱበት ጕዞ ሕፃኑ ኢየሱስ ዘንድ ሲደርስ በሥዕል አሳይቶታል። ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ መጡ ሲባል ከዝንጀሮ ጋር ይመጣሉ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን አያስነውርም። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ደራሲው ነጮች ቻይናዊውን ለማላገጥ ያወጡትን ነውረኛ ሥዕል ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሰብስቦ አቅርቦታል። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ቀልድ ወስዶ ሊስቅ ይችላል። እኔ ስስቅ ቆይቼ ሳቄ የተቋረጠበትን ገጽ አስታውሳለሁ፤ ደራሲውም የፈለገው ይህን ይመስለኛል።

ኬሊ ያንግ በ2018 ዓ.ም. ያወጣችው «ፍሮንት ዴስክ» ደግሞ ከራሷ ልጅነት የተወሰደ ነው፤ ወላጆቿ በካሊፎርኒያ በእንግዳ ማረፊያ ሲሠሩ ታግዛቸው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ በ1993 ዓ.ም. ሚያ የተባለች የዐሥር ዓመት ልጅ ወላጆቿ ክፍል ሲያጸዱ እርስዋ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ቁልፍ ትሰጣለች። የሚበዘብዛቸው የሆቴሉ ባለቤት እንደ እነርሱ ቻይናዊ ነው፤ ይህን መደበቅ ይቻል ነበር፥ እርስዋ ግን አልደበቀችውም። ሚያ መዝገበ ቃላት እየገለጠች ለተበደሉ ሰዎች ደብዳቤ ትጽፋለች፤ እናቷ ግን በእንግሊዝኛ ከአገሩ ልጆች እኩል ልትሆን አትችልምና ሒሳብ ይሻላታል ትላለች። ሜሪ ቴፕ ለጋዜጣ፥ ሙን ሻዶው ለራይት ወንድማማቾች፥ ሚያ ለሆቴሉ እንግዶች፤ በመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ አለ፥ ሁሉም ግን በተማሩት ባዕድ ቋንቋ ስለ ወገናቸው ይጽፋሉ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ከትምህርት ቤትና ከሐኪም የሚመጣውን ወረቀት ለወላጆቻቸው የሚያነቡ አሉና ይህን መጽሐፍ ቢያነቡ ባዕድ አይሆንባቸውም።

ሎረንስ የፕ ከወንድሙ ልጅ ከካትሊን የፕ ጋር በ2008 ዓ.ም. ስለ ኤንጀል ደሴት ያወጣውን ትንሽ መጽሐፍ ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። መጽሐፉ የገዛ አባቱ ታሪክ ነው። አባቱ በ1922 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ከቻይና ሲመጣ አንደበቱ የሚይዘው ልጅ ነበር። ለሹማምንቱ የሚመልሰውን ከመንደሩ ጀምሮ ሲያጠና፥ የቤቱን መስኮትና ደረጃ ሲቆጥር፥ በጭንቀት ቃሉ በአፉ ሲቀርበት እናያለን። ልጁ ደራሲ ከሆነ በኋላ አባቱን ተቀምጦ ጠየቀው፤ ካትሊንም ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ስለ መጣበት ጕዞ የተጻፈውን መረመረች። ባሕር ማዶ ጠያቂው የመንግሥት ሹም ነበር፤ አሁን ግን ጠያቂው ልጁ ነው፥ አባትም በዝግታ፥ የሚያቋርጠው ሳይኖር፥ ስንት ደረጃ እንደ ነበረ ይነግረዋል።